ከፎጣው ስር የተቆጠረ ቡጢ

ባለፈው ሰሞን ከሐኪም ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መናኸሪያው አጠገብ ጭማቂ ቤት በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ «አንዴ ብቻ እማማ፣ ነጥቡን ሰምቼ መጣሁ» ብሎኝ ወርዶ ገባ፣ በዚያው ቀረ። የምን ነጥብ ይሆን ብዬ አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ግድግዳው ላይ በር የሚያህል ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፣ ሁለት ሰዎች ቦክስ ይጋጠማሉ፣ የከሚሴ ልጆች ደግሞ ከቦክሰኞቹ ብሰው እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ። «ይሄን ዙር ሰማያዊው ነው የወሰደው!» ይላል አንዱ። «አንተ ዓይንህን ታጠብ፣ ኮሜንታተሩ ያለውን አልሰማህም?» ይላል ሌላው። «ኮሜንታተሩማ የቀዩ አጎት ነው! ቀዩ ቢያስነጥስ ራሱ ያጨበጭብለታል!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ እኔም ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። ሳላስበው «ድምፁን አጥፉትና እዩት ልጆቼ» አልኳቸው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሹፌሩ እየሳቀ ወጣና «እማማ ቦክስም ያውቃሉ እንዴ? ወላሂ ጉድ ነዎት!» እያለ እስከ ቤቴ አደረሰኝ። ከየት እንዳወቅሁት ብነግረው ደስ ባለኝ። ነገሩ ረጅም ነው፣ የባጃጅ መንገድ ደግሞ አጭር። በሬን ከፍቼ እንደ ልማዴ «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ገባሁ። መላሽ የለም። የለመደ አፍ ሆኖብኝ ነው እንጂ መላሽ እንደሌለማ አውቃለሁ።

ያኔ፣ በወጣትነቴ፣ ከሚሴ ማለት አስፋልቱና አስፋልቱን ተከትለው የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ወደ አሰብ የሚወርዱና ከአሰብ የሚመጡ ኤንትሬ የሚባሉ የጭነት መኪናዎች ያልፋሉ፣ ገና ሐርቡ ከተማን ሳያልፉ ድምፃቸው ይሰማን ነበር ብል አታምኑኝም። የእኛ ሻይ ቤት ሰማያዊ በር ነበረው። ቀለሙ ከላይ ጠቁሮ ከታች የሰው እግር ልጦታል። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ፓስቲ አስር ሳንቲም። ስሙኒ ይዞ የገባ ሰው ሁለቱንም ቀምሶ፣ አንድ ጭልፋ ወተት ሻዩ ላይ አስጨምሮ፣ እግሩን ዘርግቶ መዋል ይችላል። አሁን ያችኑ ሻይ በስንት እንደምትሸጥ ስሰማ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። ሹፌሮቹ እግራቸው ሰፋ ያለ ሱሪ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ካሴታቸውን ከፍ አድርገው ይመጣሉ። የአገሩ ሰው ሽርጡን አገልድሞ፣ በረባሶውን ተጫምቶ፣ ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ በር ላይ ይቀመጣል። የሴቱ ሻሽ ደግሞ የዚያን ጊዜው! ጫፉ በክር የተዘመዘመ፣ ጆሮ ላይ ወርዶ የሚወዛወዝ። አንድ ብርቱካናማ ነበረኝ፣ ከባቲ የመጣ፣ እሱን ያሰርኩ ቀን ሻዩ ራሱ የሚጣፍጥ ይመስለኝ ነበር።

ቴሌቪዥኑን ባለቤቴ ሰይድ ነው ያመጣው፣ አላህ ይርሐመውና። ከብት ይነግድ በነበረበት ጊዜ ያገኛትን ገንዘብ ይዞ ገዝቶ በአሰብ መኪና አስጫነው። ጥቁርና ነጭ ነው። መዝጊያ ያለው የጣውላ ሳጥን አሰርቶለት በቁልፍ ይቆለፋል፣ ቁልፉ በሰይድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። አንቴናው ረጅም ባህር ዛፍ ላይ ነው የታሰረው። ከቦርከና ወንዝ በኩል ነፋስ የመጣ እንደሆነ መስታወቱ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፣ አንድ ሰው ወጥቶ እንጨቱን ያዞራል፣ ከውጭ «አሁንስ?» ይላል፣ ከውስጥ «ተው! ተው! እንደዚያው!» ይባላል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ሰይድ ያንን ቴሌቪዥን ጠግቦ ሳያየው ዓይኑን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ የሩቁን፣ ቀጥሎ የቅርቡን፣ በኋላም የእኔን ፊት። ንግዱን ተወና ከእኔ ጋር ሻይ ቤት ዋለ። ሳጥኑን በዳሰሳ ይከፍታል፣ ከሁሉ ፊት ይቀመጣል፣ ፊቱን ወደ ሰዉ አድርጎ ጆሮውን ለቴሌቪዥኑ ይሰጣል። እንግዳ ሰው ሲያየው ደንበኞቹን የሚጠብቅ ይመስለው ነበር።

ከሰይድ ወዳጆች ሁሉ አንዱ አያ ሙሄ ነው። የባቲ ደላላ ነበር፣ የግመልና የከብት። የባቲን ሰኞ ገበያ ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ እዚያ ከብት ሲሸጥ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ደላላው ፎጣውን በራሱና በሻጩ እጅ ላይ ጣል ያደርግና ከስር በጣት ይነጋገራሉ። ይህችን ጣት መያዝ ይህን ያህል፣ እነዚያን አንድ ላይ መጨበጥ ያን ያህል። ወዲያው ለገዢው ደግሞ እንዲሁ። ዙሪያውን የቆመው ሰው የሚያየው ፊታቸውን ብቻ ነው። ለአፋሩም፣ ለኦሮሞውም፣ ለአማራውም አንድ ቋንቋ ነው፣ አንዱ የሌላውን አፍ ባይሰማ እጁን ይሰማል። ደላላ የሚኖረው ታዲያ በዚያች እጁ ነው። የሙሄን እጅ የማያምን ሰው አላውቅም። ሰይድም ስንቱን በሬ በሙሄ ፎጣ ስር ሸጧል፣ ገዝቷል።

የሰይድ ዓይን የጠፋ ጊዜ ነው ሙሄ ያችን ዘዴ ያመጣት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከብት ሊያይ ከሚሴ ይመጣል፣ እኛ ቤት ያድራል፣ እሁድ ከሰዓት ቦክስ ካለ ከሰይድ ጎን ተቀምጦ ፎጣውን እጃቸው ላይ ጣል ያደርጋል። አውራ ጣቱን ከጨበጠው ነጭ ቁምጣ የለበሰው መታ ማለት ነው። ትንሿን ጣት ከጨበጠው ጥቁር ቁምጣው መታ። ጠበቅ ካለ ከባድ ቡጢ ነው፣ ላላ ካለ የዳሰሳ። መዳፉን ወደ ታች የተጫነው እንደሆነ ሰውየው ተዘርሯል፣ ሰይድ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ፎጣው ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል፣ እኔም ሙሄን ጠይቄዋለሁ። «እታለም፣ ያለ ፎጣ እጄ አይናገርልኝም» አለኝ። እንዲያውም አንድ እሁድ ከቆላ የመጣ ባላገር ቴሌቪዥኑን ትቶ ፎጣውን ብቻ ሲያይ፣ ሲያይ፣ ቆየና አልቻለም። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በሬው የት አለ? ይህን ያህል የተከራከራችሁበት ከሆነማ እኔም ልጨምር!» አለ። የዚያን ቀን ሳቅ! የያዝኩትን ሻይ መሬት አስቀምጬ ሳቅሁ።

ወደዚያች እሁድ ልምጣ። ሁለቱም ቦክሰኞች የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውን ያኔም በቅጡ አልያዝኩትም። ከአዲስ አበባ ሆኖ በአማርኛ የሚያስተላልፈው ሰው ድምፁ ያማረ ነበር፣ ሞቅ ያለ፣ ሰርግ ቤት የሚመራ የሚመስል። ግን ነጩን ቁምጣ ወደደው። ነጩ እጁን ያነሳ እንደሆነ «ኧረ ምን ዓይነት ቡጢ ነው ጎበዝ!» ይላል። ጥቁሩ ሲመታ ደግሞ ወዲያው ወሬ ይለውጣል፣ ስለ ነጩ ልጅነት፣ በድህነት ስለ ማደጉ፣ ስለ እናቱ ያወራል። እኔ ሻይ እያቀረብኩ፣ ብርጭቆ እያለቀለቅሁ በበሩ መጋረጃ በኩል አያለሁ፣ የሰውየው እናት ነገር በተነሳ ቁጥር ልጇ አፍንጫው ላይ ሲቀምስ ነው የማየው። ሙሄ ግን ዓይኑን አልነቀለም፣ ፎጣው ስር ትንሿ ጣት ላይ ነው የሚሠራው። ሰይድ ግራ ገባው። ጆሮው ነጩ ይላል፣ እጁ ጥቁሩ። ፊቱን አንዴ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ አንዴ ወደ ሙሄ ያዞራል። አንድ ሸህ በበሩ ሲያልፉ «ፊት የሚመታበት ጨዋታ ታያላችሁ? አስተግፊሩላህ!» ብለው ተቆጡና እሳቸውም እስኪያልቅ እዚያው ቆሙ።

አለቀ። ዳኞቹ ነጥብ ደምረው የነጩን እጅ አነሱ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ጮኸ። ሰይድ እጁን ከፎጣው ስር ሳብ አደረገው።

«ሙሄ፣ ዛሬ እጅህ ሌላ ቦታ ነው የዋለው» አለው።

«የት ዋለ?»

«እኔ እንጃ። ሰውየው ነጩ ይላል፣ ዳኛው ነጩ ይላል፣ ያንተ እጅ ብቻ ጥቁሩ ይላል።»

«ያየሁትን ነው የጨበጥኩልህ።»

«አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ታዲያ ዓይን የለውም?»

«ዓይንማ አለው፣ ወዶ ነው እንጂ።»

ሰይድ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ ስለማላይ ነው እንዴ ታዲያ የፈለግኸውን የምትጨብጥልኝ?» አለው። ሰው ሁሉ ወደ ሙሄ ዞረ። ሙሄ በኦሮምኛ «ሀርኪ ኮ ህን ሶቡ» አለው፣ እጄ አይዋሽም ማለቱ ነው። ፎጣውን አራግፎ ትከሻው ላይ አደረገ። የሻዩን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በዚያ ሁሉ ዓመት እኛ ቤት ለሻይ ከፍሎ አያውቅም። «ደህና ሁኚ እታለም» አለኝ፣ ሰይድን ሳይሰናበት ወደ ባቲ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣ። ከኋላው አንዱ የኤንትሬ ሹፌር «ጉድ ፈላ! የባቲው ደላላ እጁ ዋሸ!» ብሎ ቀለደ። ሰዉ ሳቀ። ሹፌሩም ወደ አሰብ ወራጅ ነበርና መንገዱ በባቲ ነው፣ ቀልዱን ይዟት ሄደ።

ያን ዕለት ዕቃ ሳጥብ ሰይድ «ዘሀሬ፣ አንቺ አይተሻል። ማን ነው?» አለኝ።

«ጥቁሩ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሻይ ሳቀርብ ያለፈኝ አለ። ባየሁት ግን ጥቁሩ ነው። ሰውየው እኮ ነጩ በተመታ ቁጥር ስለ እናቱ ነው የሚያወራው አያ፣ ልብ አላልክም?»

አሰበ፣ አሰበና «ስለ እናቱ… አዎ፣ ብዙ ጊዜ አነሳት» አለ። ፈገግ አለ። «እሺ፣ ቅዳሜ ሲመጣ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ይቆጣ።»

ቅዳሜ ሙሄ አልመጣም። የመጣው አሞሌ ጨው የሚነግድ የባቲ ሰው ነው፣ ወሬውን የነገረንም እሱ። በዚያች ሰኞ ሙሄ እንደ ወትሮው ገበያ ወጥቶ ፎጣውን አንድ ጎረምሳ ሻጭ እጅ ላይ ጣል ሲያደርግ ልጁ እጁን አሸሸ አሉ። «አባ፣ በአፍዎ ይንገሩኝ። እጅዎ ከሚሴ ላይ ዋሽቷል ይባላል» አለው። ሰው ሳቀ። ቀልድ ናት፣ የኤንትሬው ሹፌር ቀልድ። ግን ሌላውም ሻጭ፣ ከዚያም ሌላው፣ እጁን ሳይሰጠው አለፈ። ሙሄ ፎጣውን አጥፎ ገበያው እስኪበተን ዛፍ ስር ተቀምጦ ዋለ። ነጋዴው ይህን ሲያወራ ሰይድ ፓስቲውን እንደያዘ ቀረ። አልበላውም፣ አላስቀመጠውም። «ያ ሰላም» አለ ብቻ። ማታም እራት አልቀመሰም።

በማግስቱ ጠዋት «ዘሀሬ፣ ጊደርሽን ስጪኝ» አለኝ። ጨፋ ሮቢት ወንድሜ ዘንድ የምታድግ ጊደር ነበረችኝ፣ አባቴ የሰጠኝ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። ልጆቼ ወተቷን ይጠጣሉ ብዬ የማያት። ለምን እንደፈለጋት ገብቶኛል፣ አልጠየቅሁትም። ወንድሜ አመጣት፣ በጭነት መኪና አሳፍረናት በኮምቦልቻ ዞረን ሰኞ ጠዋት ባቲ ገባን። ሰይድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ኮፊያውን አድርጎ፣ የበትሩን ጫፍ እኔ ይዤ እየመራሁት። ያ ገበያ! ሰዉ፣ አቧራው፣ ግመሉ፣ ጊሌ ጩቤውን የታጠቀው አፋር፣ ከደጋ የወረደው ቅቤና ገብስ። ሙሄን ከሩቅ አየሁት። እሱም አየን። ፊቱን አዞረ። «አየሽው?» አለኝ ሰይድ። «አየሁት፣ ዞረብን» አልኩት። ቆመ።

ከዚያ በዚያ በወፍራም ድምፁ «ሙሄ የሚባል ደላላ የት ነው ያለው?» ብሎ ጮኸ። ሰው ዞረ። «ዓይን የለኝም፣ የምሸጣት ጊደር አለችኝ! ሙሄ የት ነው?»

አንዱ ከጎን «አባ፣ እርስዎማ በአፍ ይነገርዎት፣ እንዳይታለሉ» አለው።

«በአፍ የሚነገረኝን ያን እሁድ ጠግቤ ሰምቻለሁ» አለ ሰይድ። «እኔ የምፈልገው እጁን ነው።» እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፣ ባዶ አየር ላይ። ሙሄ ያለው በሌላ በኩል ነበር። ላስተካክልለት ፈለግሁ፣ ግን አልነካሁትም። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ፣ ሰዉም ቆመ፣ እኔ በልቤ ያ ረቢ አታሳፍረው እላለሁ። ሙሄ ግመሎቹን አልፎ መጣ። አጠገቡ ደረሰ። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ በተዘረጋው እጅ ላይ ጣል አደረገና የራሱን እጅ ከስር ሰደደ።

ቆዩ። የዋጋ ነገር ይህን ያህል አይቆይም። ሙሄ መሬት መሬቱን ያያል፣ ሰይድ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቷል። ከዚያ ሰይድ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ፣ ኮፊያው እስኪወድቅ። ሙሄም አልቻለም፣ አብሮት በሳቅ ፈረሰ። ኮፊያውን አንስቼ አራገፍኩ። ከዚያ ሙሄ ወደ አንድ ገዢ ዞረ፣ ፎጣው ወዲያ ወዲህ ተመላለሰ፣ ጊደሬ ተሸጠች። በስንት እንደሆነ የሰማ የለም። ያ ባለፈው ሰኞ እጁን ያሸሸ ጎረምሳ እዚያው ቆሞ ነበር፣ ሰይድ እንደጨረሰ ቀጥሎ እጁን ዘርግቶ ገባ። ሙሄ «በአፌ ልንገርህ እንዴ?» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ ገበያው ሳቀበት።

ከዚያ በኋላ ሙሄ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን ቀጠለ፣ ቦክስ ሲኖር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሰይድ ራሱ ያጠፋው ጀመር። ስለዚያች እሁድ ጨዋታ ግን እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። «ዳኛው የነጩን እጅ ነው ያነሳው» ይላል ሰይድ፣ «ዳኛውም እናቱን ያውቃት ነበር» ይላል ሙሄ። መጀመሪያ ሙሄ ሄደ፣ አላህ ይርሐመው። ቀብሩ ላይ ሰይድን እየመራሁ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እሁድ ሲመጣ ሳጥኑን መክፈት ተወ። እኔ እጅህን ስጠኝ፣ እኔ ልጨብጥልህ ብዬው ነበር። «አንቺ ትቸኩያለሽ ዘሀሬ» አለኝ፣ እየሳቀ፣ ግን እጁን አልሰጠኝም። ልጆቹ አድገው ሄዱ፣ ሻይ ቤቱ ተዘጋ፣ አሁን በቦታው ሞባይል ይሸጣሉ። ሪያድ ያለችው ልጄ የላከችልኝ ስስ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ አለ፣ ስልክ ስትደውል «ምን ታያለሽ እማ?» ትለኛለች፣ «ያገኘሁትን» እላታለሁ። እውነቴን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ እንዲኖር ብዬ ነው የምከፍተው።

የዚያን ሰኞ ከባቲ ስንመለስ፣ መኪናው ጎን ለጎን አስቀምጦን፣ «ፎጣው ስር ሙሄ ምን አለህ?» ብዬ ሰይድን ጠይቄዋለሁ። «ዋጋ ነዋ» አለኝ። «ዋጋ እንዲህ አያስቅም አያ» አልኩት። «እነግርሻለሁ፣ አብሽሪ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው እጠይቀዋለሁ፣ ሲላጭ፣ ሻይ ሲጠጣ፣ እሱ በሳቅ ያልፈኛል። «ገና ነው» ይለኛል፣ ሙሄንም ብጠይቀው «ባልሽን ጠይቂ እታለም» ነው። ሰይድ የታመመ ጊዜ አልጠየቅሁትም። ይነሳል ብዬ ነበር። ጎኑ ቁጭ ብዬ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ እጁን እይዘዋለሁ፣ ነገ ሲሻለው ይነግረኛል እላለሁ። ብዙ ሰው ያን ቀን ባቲ ገበያ ላይ ቆሞ ነበር፣ እኔም ከሁለቱ ጎን፣ ከሁሉ ቅርብ። ግን እንደ ሌላው ሰው ፊታቸውን ብቻ ነው ያየሁት።